የገብስ ቡና በወሎ ጀበና

የገብስ ቡና፣ ማለትም ተቆልቶ እንደ ቡና የሚፈላው ገብስ፣ አቦልን አይተካም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የሚተካው ጭሱን፣ ስኒውንና ጎረቤት መጥራቱን ነው። ቡና መቀነስ ለሚፈልግ ወሎዬ ግን ከባዱ ይህን ሥርዓት መተው ስለሆነ፣ ነገሩ ሊሞከር ይገባዋል።

ተፈጭቶ የታሸገውን ትቶ ጥሬውን መግዛት ይመረጣል። የታሸገው ብዙ ጊዜ እንደ ዱቄት ልሟል፤ የገብስ ስታርች ደግሞ በፈላ ውሃ ያብጣል። ጀበናው ውስጥ አጥሚት ይሆናል፣ አይሰክንም፣ አንገቱንም ይዘጋል። ደሴ ላይ የደጋ ገብስ መቼ ጠፍቶ! ሰነፍ ገብስ ከተገኘ እሰየው፣ ገለባው በቀላሉ ይለቃል። ሌላው በደንብ ካልተፈተገ ገለባው ቀድሞ ያርና መራራ የጭስ ጣዕም ይተዋል።

ግማሽ ኪሎ የተፈተገ ገብስ በብረት ምጣድ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እጅ ሳያርፍ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቆላል። ቸኩሎ እሳት የጨመረ ሰው ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ነጭ ይቀርበታል፤ ሲጠጣም ቆሎ ቆሎ ይላል። አንድ ፍሬ ሰብሮ ማየት ነው፤ ልቡ ድረስ ቡናማ ከሆነ ወዲያው ሰፌድ ላይ ይበተን፣ ምጣዱ ላይ ከቆየ ማረሩን ይቀጥላል። ከዚያ በሙቀጫ ሸርከት አድርጎ መውቀጥ።

ለግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ዝቅ ብላ ካለችው ከኮምቦልቻው ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ 10 ደቂቃ ያህል ማንተክተክ ያስፈልጋል። ስለሚገነፍል ጀበናው ጢም ብሎ አይሞላ። ጤና አዳም ጣል ሲደረግበት ያምርበታል። መልኩ ቡና ነው፣ ሽታው የተጠበሰ ዳቦ፣ የቡናው ጉምዛዜ ግን የለም። ቶናው ይቀጥናል፤ በረካ የሚባል ነገር አይታሰብ።

ካፌይን ጨርሶ የለውም፤ ስለዚህም በአንድ ጊዜ የዞረ ሰው ሀራራው ይጥለዋል። ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይብሳል፣ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። በረመዳን መግቢያ ብዙ ሰው ጾሙ ነው የሚለው ራስ ምታት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን፣ አጋማሽ መቀነስ የጀመረ ይቀለዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሦስት እጅ ቡና አንድ እጅ ገብስ፣ ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ ከዚያ አንድ እጅ ቡና ሦስት እጅ ገብስ። ቀድሞ መለወጥ ያለበትም የከሰዓቱ ነው፦ የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በ10 ሰዓት የተጠጣው ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። የጠዋቱ ይቆይ።

ቡና አጥቁሮ መቁላት ካፌይኑን ያጠፋዋል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ሙቀቱን ይቋቋማል። ሰው ቤት ተጠርቶ እምቢ ማለት ለከበደው ዘግየት ብሎ ከቶና መድረስ ይሻላል፣ አብዛኛው ካፌይን በአቦሉ ወጥቷል።

ግሉተን ለማይስማማው ሰው ገብስ አይሆንም። ጀበናውም የብቻው ይሁን፤ ሸክላ ሽታ ይይዛል፣ የእንግዳው አቦል ገብስ ገብስ ካለ ደግሞ ወሬው ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል።