አውቶማቲክ ሃብ ወይስ በእጅ የሚቆለፍ?

ሃብ የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኘው፣ አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያስችለው መቆለፊያ ነው፤ ላንድክሩዘር 70 ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ። በእጅ የሚቆለፈው ከመኪና ያስወርዳል፤ የሁለቱንም የፊት ጎማ ሃብ «ፍሪ» ከሚለው ወደ «ሎክ» ማዞር ግድ ነው። ዝናብ ውስጥ ያስመርራል። አንዴ ከቆለፈ ግን ቆለፈ ነው።

አውቶማቲኩ ከጋቢና ሳይወርዱ ይሠራል። ኤች 4 (አራቱም ጎማ የሚጎትትበትን) አስገብተው መንዳት ሲጀምሩ ራሱ ይቆልፋል። ጣጣው መፍታቱ ላይ ነው፤ ወደ ኤች 2 (የኋላ ጎማ ብቻ ወደሚሠራበት) መልሰው ትንሽ ወደ ኋላ መንዳት ያስፈልጋል። ይህ በቀላሉ ይረሳል! የቆዩት ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጭቃ የያዘው መኪና ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲባል፣ አቅጣጫው በተቀየረ ቁጥር ሃቡ ሊለቅ ይችላል። በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው።

ለክረምት የገጠር መንገድ እኔ በእጅ የሚቆለፈውን እመርጣለሁ። ጭቃው ሳይመጣ አስቀድሞ መቆለፍ ነው፤ በኤች 2 እስከተነዳ ድረስ አስፋልት ላይም አይጎዳም።