መሪው የሚጮህባችሁ የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ እኚህን መካኒክ ሳታዩ የመሪ ፓምፕ እንዳትቀይሩ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። እሳቸው እንኳን ይሄን አያነቡትም፣ ስልካቸው ያቺ ቁልፍ ያላት ኖኪያ ናት፣ ግን ከደንበኞቻቸው አንዱ ያነብላቸው ይሆናል ብዬ ነው፣ ደግሞ እኔ የከፈልኩትን ብር ሌላ ሰው እንዳይከፍል። ስሜን አትጻፊ ስልኬንም አታውጪ፣ ሰዉ በሙሉ ከመጣ ማን ይሠራዋል ብለው አደራ ስላሉኝ ስም የለም፣ የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቦታውን እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ 98 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ መሪዋ በዘይት የሚሠራው ፓወር ስቲሪንግ። ችግሩ የጀመረው በብርዱ ሰሞን ነው፣ የደብረ ብርሃንን የህዳር ጠዋት ለምታውቁት መናገር አያስፈልግም፣ ውርጩ መስታወቱን ሸፍኖት ታድራለች፣ አስነስቼ ከግቢ ለማውጣት መሪውን ሳዞር ኡኡኡኡ ትላለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። መጀመሪያ ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት፣ ምክንያቱም ሲሞቅ ይቀንሳል። በኋላ ግን የመሪ ዘይቷ እየጎደለ መጣ፣ እሞላለሁ ይጎድላል፣ እሞላለሁ ይጎድላል፣ ከስር ካርቶን ዘርግቼ አድራለሁ ጠብታ የለም። እና ደግሞ ጠዋት ስትነሳ ከማርሚታዋ ነጭ ሰማያዊ የሚመስል ጭስ ታወጣለች፣ የሚሸት ጭስ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ጭሱን አይቶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል ሞተር ይውረድ አለኝ። መሪውስ ስለው መሪው ሌላ ነው አለ። ሌላ ቦታ ወሰድኳት፣ እዛ ደግሞ ጭሱን ትቶ ፓምፑ ሞቷል ቀይሪው አለኝ፣ ዘይቱስ የት ነው የሚሄደው ስለው "ይተናል" አለኝ። ይተናል! እንዴት ነው የመሪ ዘይት የሚተነው? ሴት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ የፈለገውን ቢነግረኝ የማምነው መስሎታል። የሁለቱንም ጋራዥ ስም አልጽፍም፣ የኔ ነገር ማመስገን ነው።

ዝም ብዬ እንዳልነዳት ደግሞ እናቴ ደብረ ሲና ናት ያለችው። ጣርማበርን የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ፣ ጣሊያን ከፈለፈላት ዋሻ ስትወጡ ቁልቁሉ ይጀምራል፣ ጉም ከወረደ ደግሞ ከፊታችሁ ያለው ተሳቢ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው፣ መታጠፊያው አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። እዛ ላይ መሪ እየከበደ እየቀለለ ሲሄድባችሁ አስቡት። እየከበደ እየቀለለ ያልኩት የእውነት ነው፣ አንዴ በጣት ይዞራል ወዲያው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ጋሼ በኋላ እንደነገሩኝ ዘይቱ ውስጥ አየር ሲገባ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ፓምፑ ዘይት ሲገፋ ጉልበት አለው አየር ሲገፋ ግን ምንም የለውም።

ወደሳቸው የላከኝ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ ዝምተኛ ሰውዬ ናቸው፣ ጋራዡ ራሱ ጋራዥ አይመስልም፣ አንድ ቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ ነው መጠየቅ የጀመሩት። ስትነሳ ነው የምትጮኸው ወይስ ስታዞሪ? መሪው ጥግ ሲደርስ ነው ወይስ መሀል ላይ? ድምፁ ጭርርር ነው ወይስ ኡኡኡ? ጭሱ ዘይት ከሞላሽ በኋላ ይብሳል ወይስ ያው ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፣ ሳስበው አዎ ይብሳል።

ጭርርር ከሆነ ከሞተሩ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ነው አሉኝ፣ ላልቷል ወይ ደርቋል፣ ኡኡኡ ከሆነ ግን ፓምፑ ዘይት አጥቷል ወይ አየር እየዋጠ ነው። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩትና ደህና ነው አሉ። ከዛ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መያዣዋን ክዳን ከፍተው ነይ እዪ አሉኝ፣ ዘይቱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ እንደ ድራፍት አረፋ ደፍቋል። ከስር ገብተው ደግሞ መሪው ቦክስ ላይ ግራና ቀኝ ያሉትን እጥፍጥፍ ጎማዎች ጨመቅ ጨመቅ አደረጓቸው፣ ቦክሱ የሚያፈስ ቢሆን ዘይቱ እዛ ውስጥ ይጠራቀማል አሉ፣ ምንም የለም ደረቅ ነው። ቱቦዎቹንም በጨርቅ ጠራርገው መሪውን አዟዙሪ ብለውኝ መብራት ይዘው አዩ፣ እሱም ደረቅ።

ከዛ ነው እንግዲህ ያቺን ነገር ያደረጉት። ፓምፑ ላይ ከወፍራሞቹ የዘይት ቱቦዎች ሌላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ የሚገባባት ትንሽ ቫልቭ አለች፣ አንዷን ቱቦ ነቀሉና ነጭ ጨርቅ አፏ ውስጥ ጠቅ አድርገው አወጡት። ቀይ! ጨርቁን አሳዩኝና "ይኸውልሽ ልጄ፣ ዘይትሽን ሞተሩ እየጠጣው ነው" አሉኝ። በያቺ ቱቦ መሄድ ያለበት አየር ብቻ ነው፣ ዘይት ሊኖራት አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኔ በገባኝ ልንገራችሁ። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ፓምፑ ሞተሩን ይከብደዋል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ ሞተሩ ሊጠፋም ይችላል፣ ስለዚህ የቆዩ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ ያቺ ቫልቭ ግፊቱ ሲጨምር ትከፍትና ለሞተሩ ትንሽ አየር ትጨምርለታለች። በአንድ በኩል ዘይት በሌላ በኩል ሞተሩ የሚስበው አየር ነው ያለው፣ መሀላቸው ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ሞተሩ ዘይቱን ሳብ ያደርገዋል፣ ያቃጥለዋል፣ በጭስ ይወጣል። ለዛ ነው መሬት ላይ ጠብታ የሌለው፣ ለዛ ነው የሚያጨሰው፣ ዘይቱ ሲያንስ ደግሞ ፓምፑ አየር ይውጣል ለዛ ነው የሚጮኸው። ሁለት ጋራዥ ለሁለት የከፈለው በሽታ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ፋሻም ደህና ነው ፓምፕም ደህና ነው።

ወዲያው ደግሞ እቃ ግዢ አላሉኝም። ቱቦዎቹንም ቫልቯንም በሁለቱም በኩል ደፈኑና ዘይት ሞልተው እስቲ ንጂያት አሉ፣ እኔ ልክ ከሆንኩ ጭሱ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል ዘይቱም ባለበት ይቆማል፣ ካልሆንኩ ገንዘብሽን አታጥፊ። ፓርክ ስታደርጊ ሚኒሞው ትንሽ ወረድ ይልብሻል አትደንግጪ ብለው ቀድመው ነገሩኝ፣ እውነትም ወረድ ይላል፣ ግን ጭሱ ጠፋ ዘይቱም ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ከዛ በኋላ ነው ቫልቯን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውለው ዩዝድ ያስመጡልኝ፣ በአውቶብስ መጣ፣ ሻጩን ራሴ እንዳነጋግር ስልኩን ሰጡኝ፣ ዋጋው ላይ አንዲት ብር አልጨመሩም። የድሮዋንም በፌስታል አድርገው ያዢ ያንቺ ናት አሉኝ።

ዘይቱን ሲቀይሩ ያየሁትንም ልጻፍ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ከላይ መጥጠው አዲስ ይሞሉና ተቀየረ ይሏችኋል። የፊቱን በክሪክ አነሱና ድጋፍ አደረጉበት፣ ወደ መያዣዋ የሚመለሰውን ቱቦ ፈተው ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተቱት፣ የመያዣዋን ክፍት አፍ ደፈኑ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እኔ መሪውን ከጥግ ጥግ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ እሳቸው ከላይ አዲስ ይሞላሉ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ነው፣ ከዛ ቡናማ፣ እያለ እያለ ንጹህ ቀይ ሲመጣ በቃ አሉ። መያዣዋ ውስጥ ከታች ወንፊት አለ፣ እሱንም አውጥተው አጠቡት፣ እሱ ከተደፈነ አዲስ ፓምፕ ብትገጥሚም ይጮሃል አሉ። ቱቦውን ከመለሱ በኋላም ወዲያው አላስነሱም፣ አሁንም በጠፋ ሞተር ደጋግሜ አዞርኩ፣ አረፋው ከላይ ብቅ ብቅ እያለ ወጣ፣ ሞሉ፣ ከዛ ነው የተነሳችው። ድምፅ የለም። መሪው በአንድ እጅ ይዞራል።

የኔ መኪና የሚጠቀመው ዴክስሮን የሚባለውን ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው፣ ያ ቀዩ፣ የሁሉም መኪና ግን አንድ አይደለም፣ ሆንዳ ለምሳሌ የራሱ አለው፣ ክዳኑ ላይ ወይ መጽሐፉ ላይ ይጻፋል። አንድ ነገር ግን ጋሼ ቆጣ ብለው ነው የተናገሩት፣ ዘይት አጣሁ ተብሎ የፍሬን ዘይት መሪ ውስጥ አይጨመርም። ጎሚኒውን ያሳብጠዋል ያበላሸዋል፣ ከዛ ያላፈሰውም ማፍሰስ ይጀምራል። መንገድ ላይ ሹፌሮች "ያው ዘይት ነው" እያሉ ሲጨምሩ በአይኔ አይቻለሁ። ሌላው መሪውን ጥግ አድርሳችሁ ይዛችሁ አትቁሙ፣ ፓርክ ስታደርጉ ትንሽ መለስ አድርጉት፣ ጥግ ላይ ፓምፑ ሙሉ ግፊቱን ነው የሚሰጠው ዘይቱም ወዲያው ይግላል።

እና እባካችሁ ጣርማበርን ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ሞተር አጥፍታችሁ የምትወርዱ ሰዎች፣ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፣ ሲጠፋ መሪው መዞሩን ባይተውም ክብደቱ ሌላ ነው፣ ፍሬኑም እርዳታው ያልቅና ይደርቃል። ይሄን የምለው ለመካሪነት አይደለም እኔም እዛ መንገድ ላይ ስላለሁ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ሰምታ ቪትዟን ይዛ ሄደች፣ ዳሽቦርዷ ላይ የመሪ ምልክት በርቶባት መሪው ደርቆባታል። ጋሼ አይተው ይሄ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ዘይትም ፓምፕም የለውም፣ ባትሪና ዲናሞ ያስለኪ፣ ከዛ ካለፈ የኤሌክትሪክ ሰው ነው የሚያየው ብለው ሳያስከፍሏት መለሷት። ሄዳ ስታስለካ ባትሪው ነበር የደከመው። የማያውቁትን ነገር አላውቅም የሚል መካኒክ ስንቶቻችሁ አጋጥሟችኋል?

እንከን የለባቸውም ብዬ አላጋንን። ስልክ አያነሱም፣ ጠዋት እሠራዋለሁ ካሉ ከሰዓት ጠብቁ፣ እሁድና በዓል ንክች አያደርጉም፣ በላያቸው ላይ ቆማችሁ ካቻኮላችኋቸው ደግሞ መፍቻውን አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ፣ እኔም ደርሶብኛል። ካርድ የለም ቴሌብር የለም ጥሬ ብር ያዙ።

የምትሄዱ ከሆነ ማታ ወስዳችሁ እዛው አሳድሯት። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ የመጀመሪያዋን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ፣ የሞቀች መኪና ብዙ ነገር ትደብቃለች ይላሉ። ዘይቱንም ሞልታችሁ አትሂዱ፣ ጎድሎም ቢሆን ከምልክቱ በታች እስካልጠፋ ድረስ እንዳለ ይዩት፣ መጠኑንና ቀለሙን ነው መጀመሪያ የሚያዩት።