የጠረጴዛ ቁጥር መያዣ ንጽጽር፦ አክሪሊክ፣ ባለ ክሊፕ ዘንግ፣ እንጨት፣ ፍሬም ወይስ እጥፍ ካርድ?

የጠረጴዛ ቁጥር ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንዱ በር ላይ ቆሞ ቦታውን በዓይኑ የሚፈልግ እንግዳ ነው፤ ሌላው ትሪ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል የሚመላለስ አስተናጋጅ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ቆመው፣ ከሩቅና ከየአቅጣጫው ነው። ገዢው ግን መያዣውን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ከፎቶ ነው። ፎቶው የሚነሳው ደግሞ ከፊት ለፊት፣ በቅርብ፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው። በፎቶ ያማረ መያዣ አዳራሽ ውስጥ ከአበባ ጀርባ ተደብቆ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመያዣውን ዓይነት ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ፦ ቁጥሩ ከስንት ሜትር ርቀት እንደሚነበብ፣ የጠረጴዛው መሃል ጌጥ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚቆም፣ ዝግጅቱ ቤት ውስጥ ይሁን ደጅ። እነዚህ ከታወቁ ምርጫው በአንድ ጊዜ ይጠባል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ምልክት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ ልክ አለ፦ ለምቹ ንባብ ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳ.ሜ. የፊደል ቁመት። ከ6 ሜትር የሚነበብ ቁጥር 5 ሳ.ሜ.፣ ከ12 ሜትር የሚነበብ 10 ሳ.ሜ. መሆን አለበት ማለት ነው። ደመቅ ያለ አኃዝ ስፋቱ የቁመቱን ስድስት አሥረኛ ያህል ስለሚሆን፣ 10 ሳ.ሜ. ቁመት ያላቸው ሁለት አኃዞች ጎን ለጎን ከ12 ሳ.ሜ. በላይ ይወስዳሉ። ኤ6 ወረቀት ወርዱ 10.5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው፤ አይችላቸውም። ኤ5 ግን 14.8 ሳ.ሜ. ስለሆነ ይችላቸዋል። በአጭሩ ጠረጴዛዎቹ ከ9 ካልበለጡ ወይም ርቀቱ ከ8 ሜትር ካላለፈ ኤ6 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ኤ5 ግዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወረቀትና የፍሬም መጠን ሲያዛምድ ነው። «4 በ6» ተብሎ የሚሸጠው መያዣ በኢንች የተለካ ነው፤ ውስጡ 102 በ152 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ኤ6 ደግሞ 105 በ148 ሚ.ሜ. ነው። በዓይን እኩል ይመስላሉ፤ ወረቀቱ ግን በ3 ሚ.ሜ. ይሰፋና አይገባም። «5 በ7» የሚባለውም 127 በ178 ሚ.ሜ. ሲሆን ከኤ5 (148 በ210) ጋር ጭራሽ አይገናኝም። መያዣውን መጀመሪያ ግዙ፣ የውስጡን ክፍት በማስመሪያ ለኩ፣ ከዚያ አሳትሙ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ሁሉንም ካርድ አንድ በአንድ ሲከረክም ያድራል።

6 እና 9 ከሥራቸው መስመር ይሰመርባቸው፤ ካርዱ ተገልብጦ ከተሰካ ጠረጴዛ 6 ጠረጴዛ 9 ሆኖ ያርፋል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም በነጣ ያለና በማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ከሁሉም ይነበባል። ወርቃማ ፎይል በነጭ ላይ በቅርብ ያምራል፤ መብራት ሲደበዝዝ ግን ከ5 ሜትር በኋላ ቁጥሩ ይጠፋል።

ጎን ለጎን

| መያዣ | የሚነበብበት ወገን | ተስማሚ ወረቀት | ነፋስ ሲኖር |
|---|---|---|---|
| አክሪሊክ ኤል ቅርጽ | አንድ | 120–200 ግራም | ይንሸራተታል |
| አክሪሊክ ቲ ቅርጽ | ሁለት | 120–200 ግራም | መካከለኛ |
| ባለ ክሊፕ ዘንግ | ሁለት | 300 ግራም | በመቀመጫው ክብደት ይወሰናል |
| የእንጨት ጉማጅ | አንድ ወይም ሁለት | 300 ግራምና ከዚያ በላይ | ጉማጁ ይቆማል፣ ካርዱ ይበራል |
| ፍሬም | አንድ | ማንኛውም | ወደ ኋላ ይወድቃል |
| እጥፍ ካርድ | ሁለት | 300 ግራም | አይሆንም |

ሠንጠረዡ ውስጥ «ግራም» የተባለው የወረቀቱ የካሬ ሜትር ክብደት ነው፤ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ በዚሁ ስም ጠይቁ።

አክሪሊክ

አክሪሊክ መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው አንድ ወጥ ሰሌዳ ታጥፎ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ የሚቆም ነው። ከመግቢያው ጠረጴዛ ወይም ከምዝገባ ቦታ የተሻለ ሥፍራ የለውም፤ አንባቢው ከፊቱ ቆሞ ቁልቁል ያየዋልና። ክብ ጠረጴዛ መሃል ላይ ግን ግማሹ ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ላይ ሁለተኛ ወረቀት ቢለጠፍ እንኳ ፊቱ ወደ ጠረጴዛው ልብስ ስለሚያዘነብል ከሩቅ አይነበብም። ለጠረጴዛ ቁጥር ኤል አትግዙ።

ቲ ቅርጽ ያለው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በሁለቱም በኩል እኩል ይነበባል። የመሃል ጌጡ ዝቅተኛ ከሆነና ዝግጅቱ ቤት ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው ምርጫችን እሱ ነው። ስትመርጡ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ እዩ። ከላይ የሚገባበት ለመቀየር ይፈጥናል፤ ነገር ግን የፈሰሰ ውኃ ቀጥታ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። ከጎን የሚገባበት ጠረጴዛ በተነካ ቁጥር ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ይወጣል። ከታች የሚገባበት ከሁለቱም ይሻላል፤ አንድ ጉድለቱ ወረቀቱ ቀጭን ከሆነ መያዣውን አንስታችሁ ስትሄዱ ሾልኮ መውደቁ ነው። 170 ግራም ወረቀት ይህን ያስቀራል።

ውፍረቱ ለኤ6 2 ሚ.ሜ.፣ ለኤ5 3 ሚ.ሜ. ይሁን። ከዚያ የሳሳው ይጎብጥና ወረቀቱ ውስጡ ይኮማተራል። ጠርዙን በጣት ዳስሱ፦ የለሰለሰና እንደ መስታወት የጠራ ከሆነ ተወልውሏል፤ የመጋዝ ጥርስ ምልክት ካለበት የጠረጴዛ ልብስ ክር ይይዛል። መታጠፊያውን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ እዚያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወይም አረፋ ከታየ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ይሰበራል።

አክሪሊክን ከአያያዝ ሁሉ በላይ የሚገድለው አጸዳዱ ነው። አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሰሌዳውን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ሲታጠፍ ውጥረት ከቀረበት ከመታጠፊያው ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ደረቅ ሶፍት ይጭረዋል። በላዩ የሚመጣውን መከላከያ ፕላስቲክ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ በምትደረድሩበት ቀን ላጡት።

ቁጥሩ በቀጥታ በብርሃን አሳላፊው አክሪሊክ ላይ የታተመበትም አለ። ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ከኋላው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ወይም ነጭ አበባ ሲመጣ አይታይም። ከወደዳችሁት የአክሪሊኩ ጀርባ በጠቆረ ቀለም እንዲቀባ አድርጉ። ይህ ግን በአንድ ወገን ብቻ እንዲነበብ ያደርገዋል።

ባለ ክሊፕ ዘንግ

ሦስት ክፍል አለው፦ መቀመጫ፣ ዘንግ፣ ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ጥቅልል ሽቦ፣ ቀለበት ወይም መቆንጠጫ ሊሆን ይችላል። የመሃል ጌጡ ከፍ ያለበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ቁጥሩን ከአበባው በላይ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነውና። ዘንጉ ከጌጡ 5 ሳ.ሜ. ያህል ይብለጥ። ገበያ ላይ 20፣ 30 እና 45 ሳ.ሜ. የሚጠጉ ዘንጎች ይገኛሉ።

ቁመቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከጠረጴዛው ወለል በላይ 40–45 ሳ.ሜ. ገደማ ላይ ነው። በ30 ሳ.ሜ. ዘንግ ላይ የተሰካ ኤ5 ካርድ ከ30 እስከ 50 ሳ.ሜ. ያለውን ቦታ ይሸፍናል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች በካርድ ተከልለው ሲያወሩ ያመሻሉ ማለት ነው። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ወይ ኤ6ን አግድም አድርጎ ቁመቱን 10.5 ሳ.ሜ. ብቻ ማድረግ፣ ወይ እንግዳው ከተቀመጠና አስተናጋጆቹ ጠረጴዛዎቹን ከለዩ በኋላ ዘንጎቹን ማንሳት። ጌጡ በቀጭን አንገት ላይ ከ50 ሳ.ሜ. በላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አበባው ከዓይን በላይ ስለሚሆን ቁጥሩን ከሥሩ ዝቅ አድርጎ በቲ ቅርጽ ማስቀመጥ ይሻላል።

ደጅ ላይ የሚወስነው መቀመጫው ነው። በሰዓት 18 ኪ.ሜ. የሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ ኤ5 ካርድን ፊት ለፊት ሲያገኘው በ55 ግራም ክብደት ያህል ይገፋዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ካርዱ 40 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ስለሆነ ዘንጉ እንደ መፈንቅል ይሠራል። መቀመጫው ወርዱ 9 ሳ.ሜ. የሆነ ክብ ከሆነ ላለመገልበጥ ግማሽ ኪሎ መመዘን አለበት። ያው መቀመጫ ወደ 12 ሳ.ሜ. ቢሰፋ 400 ግራም ያልሞላ ይበቃዋል። ካርዱን ኤ6 አድርጋችሁ ወደ 30 ሳ.ሜ. ካወረዳችሁት በ9 ሳ.ሜ.ው መቀመጫም 200 ግራም ገደማ ያስኬዳል። ሻጩን «ከባድ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ድንገት የሚመጣ ሽውታ ከዚህ ስለሚበረታ፣ ደጅ ላይ ከወጣው ልክ እጥፍ ያዙ።

ሲገዙ ጭንቅላቱን ይዞ መነቅነቅ ነው። ዘንጉ በመጋጠሚያው ላይ ከተወዛወዘ የብሎኑ ጥርስ ተበልቷል ወይም አጭር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘሞ ይቆማል። ቀለም ያልተቀባ የብረት መቀመጫ እርጥብ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የዝገት ክብ ይተዋል፤ እድፉም በቀላሉ አይለቅም። የማይዝግ ብረት ወይም የዱቄት ቀለም የተቀባ ይሁን፣ ከሥሩም ፌልት (ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ) ይለጠፍበት።

ካርዱ የሚያዘው በአንድ ነጥብ ስለሆነ ከ300 ግራም ያነሰ ወረቀት አንገቱን ይደፋል። ሁለቱም ወገን እንዲነበብ በሁለቱም ገጽ አሳትሙ። ሁለት ካርድ ጀርባ ለጀርባ ከተጣበቀ ውፍረቱ ወደ 0.8 ሚ.ሜ. ይደርስና ጥቅልል ሽቦው ተለጥጦ ይላላል፤ ቀጣዩን ካርድ አይዝም።

እንጨት፣ ፍሬም፣ እጥፍ ካርድ

የእንጨት ጉማጅ ችግሩ ቦዩ ነው። 300 ግራም ወረቀት 0.4 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ሲኖረው፣ መጋዝ የሚያወጣው ቦይ አብዛኛውን ጊዜ 2–3 ሚ.ሜ. ነው። ካርዱ ውስጡ ይንቀዋለላል፣ ወይም ይጋደማል። ቦዩ ከ10–15 ዲግሪ ጋደል ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ካርዱ ተደግፎ ይቆማል፤ ያኔ ግን የሚመቸው ለአንድ ወገን ነው። ቀጥ ያለ ቦይ ላለው ጉማጅ 2 ሚ.ሜ. ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ይሻላል። የቦዩ ጥልቀት ከ10 ሚ.ሜ. አይነስ፤ የጉማጁ ርዝመትም የካርዱን ወርድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን። ቫርኒሽ ያልተቀባ እንጨት ዘይትና ቀለም ያለው መጠጥ ይመጥጣል። ዝቅተኛ ጌጥ ላለው ትንሽ ዝግጅት ወይም «የተያዘ» ለሚል ምልክት ግን ውበቱ የሚካድ አይደለም።

ፍሬም ለጠረጴዛ ቁጥር አይመከርም። ወገኑ አንድ ነው፣ መስታወቱ የጣሪያውን መብራት ያንጸባርቃል፣ የኋላ እግሩም ለስላሳ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይንሸራተታል።

እጥፍ ካርድ ለአንድ ቀን ስብሰባ ይበቃል። በእጅ ብቻ የታጠፈ 300 ግራም ወረቀት ግን እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በማስመሪያና በደነዘዘ ስለት መስመሩ ይጫን፤ ሲታጠፍ የተሰረጎደው ወገን ወደ ውጭ ይሁን። እጥፋቱ የወረቀቱ ቃጫ የተዘረጋበትን አቅጣጫ ተከትሎ ከሄደ ንጹሕ ይሆናል። ሁለት እግር ብቻ ያለው ከሆነ እርጥበት ባለበት አየር ቀስ እያለ ይከፈትና ይተኛል፤ ሦስተኛ ገጽ ከሥር ገብቶ በማጣበቂያ ሲዘጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይቆማል።

ኪውአር ኮድ ካለበት

ምልክቱ በስልክ የሚነበብ ኮድ ከያዘ የኮዱ ወርድ ከሚነሳበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከ40 ሳ.ሜ. ለሚነሳ 4 ሳ.ሜ.። በዙሪያው ቢያንስ ኮዱ ከተሠራባቸው ትንንሽ ካሬዎች የአራቱን ስፋት ያህል ነጭ ቦታ ይተው። ጋደል ያለ አክሪሊክ የጣሪያውን መብራት ወደ ካሜራው ስለሚመልስ፣ እዚህ ላይ ቀጥ ያለው ቲ ቅርጽ ወይም ያለ ሽፋን የቆመ ማት (የማያብረቀርቅ) ካርድ ይመረጣል።

ከማዘዛችሁ በፊት

አንድ ናሙና ብቻ ግዙና እውነተኛውን የጠረጴዛ ልብስና እውነተኛውን ጌጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። መብራቱን ዝግጅቱ ላይ በሚሆነው መጠን ቀንሱ፤ እስከ በሩ ድረስ ሂዱና ከዚያ አንብቡት። ከዚያ ጠረጴዛውን በዳሌ ገፋ አድርጉት፤ እንግዳ ሲቀመጥ የሚሆነው ያው ነው። ወፍራም ልብስ ላይ መቀመጫው ከ7 ሳ.ሜ. ያነሰ ዘንግ ብዙውን ጊዜ የሚዘመው በዚህ ሙከራ ላይ ነው።

ካለፈ ከጠረጴዛው ብዛት አሥር በመቶ ጨምራችሁ እዘዙ፦ ለ30 ጠረጴዛ 33። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ማከማቻውንም አስቡ። ጭንቅላታቸው ጥቅልል የሆነ ዘንጎች በአንድ ሳጥን ከተከመሩ ይጠላለፋሉ፣ ሽቦውም ይጣመማል፤ ዘንጉ ከመቀመጫው የሚፈታውን ምረጡና ለየብቻ አስቀምጡ። ቲ ቅርጽ አክሪሊክ እርስ በርሱ ስለማይደራረብ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ በመካከላቸው ለስላሳ ወረቀት ካልገባ ደግሞ እርስ በርስ ይጫጫራሉ።