ይህን ቀላል መልህቅ እንዳትገዙ፤ ዘንጉ ይጎብጣል

«በክብደት ማመን ቀርቷል፤ ይሄ የሚይዘው በቅርጹ ነው» እያለ ነው ሻጩ መልህቁን የሚሸጠው። የሚያናድደው አባባሉ እውነት መሆኑ ነው። ዳንፎርዝ የሚባለው ባለ ሁለት ክንፍ መልህቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ባህር ዳር የሚያወርዱ የአሜሪካ ጀልባዎችን የያዘው ሰፋፊ ክንፎቹ አሸዋ ውስጥ ስለሚቀበሩ ነው። ሰውየው ግን የሚሸጠው የዚያን መልክ ብቻ ነው።

ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባዋ ፊት ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለ፣ ወለሉ ንጹህ አሸዋ። የሁለቱ ድምር 5 ሜትር በ7 ተባዝቶ 35 ሜትር ሰንሰለትና ገመድ ተለቀቀ፤ ከመልህቁ በኩል 5 ሜትሩ ሰንሰለት፣ የቀረው ናይለን ገመድ። መልህቁ አልተወረወረም፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ጀልባዋ ወደ ኋላ እየሄደች ገመዱ ተዘረጋ፤ ከዚያ ሞተሩ በዝቅተኛ ኃይል ወደ ኋላ፣ ቀጥ ባለ መስመር። ገመዱ ተወጠረ። ያዘ ሲባል ላላ አለ፣ ወዲያው እጅ ላይ መንዘር ጀመረ። ወለሉን እየፋቀ የሚጎተት መልህቅ እንዲህ ነው የሚንዘረው። ሲወጣ አንዱ ክንፍ አሸዋ ለብሷል፣ ሌላው ንጹህ ነው፣ ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ዘንግም ወደ ጎን ጎብጧል! ሁለቱ ክንፎች እኩል አልተበየዱም፤ ስለዚህ አንዱ ብቻ ነክሶ ጭነቱን ሁሉ ተሸከመ። ዘንጉ ጠንካራ ብረት ቢሆን ይችለው ነበር፤ ይሄ ግን በቀላሉ የሚታጠፍ ተራ ብረት ነው።

ሲመለስለት ሻጩ አንስቶ እንኳ አላየውም። «በጎን ጎትተኸው ነው። መልህቅ መጣል ሳትማር ዕቃ አታማርር» አለ፤ ረዳቱም ሳቀ። በጎን መጎተት ዘንግ እንደሚያጎብጥ ማንም ያውቃል። ቀጥ ብሎ በተሳበ፣ ነፋስ እንኳ ባልፈተነው መልህቅ ላይ ይህን ማለት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ክንፎቹ ከዘንጉ የሚከፈቱበት ማዕዘን ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ «ይከፈታል፣ ምን ትፈልጋለህ?» ነው መልሱ።

ለአሸዋ የሚሆነው 32 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 45 ለለስላሳ ጭቃ ብቻ ነው፣ ጠንካራ አሸዋ ላይ አይቀበርም። ሳትከፍሉ በማዕዘን መለኪያ ለኩት፤ በዘንጉ ርዝመት በአንድ ዓይን እያያችሁ ክንፎቹ እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ። ትክክለኛው ራሱ ዓለትና የባህር ሣር ላይ አይታመንም። ነፋስ ዞሮ ሲነቀልም በክንፎቹና በዘንጉ መሀል ጠጠር ወይም ዛጎል ከተቀረቀረ ተመልሶ ላይነክስ ይችላል፤ ለሌሊት ሌላ ዓይነት መልህቅ ያዙ።