ኢንሪች ሚኒ 2፦ ስልክ በማይሠራበት ደን ለምትሠሩ

የምሠራው ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ዛፍ እንለካለን፣ ምልክት እናደርጋለን። አብዛኛውን ቀን ስልክ የለም። ስለዚህ ከቦት ጫማ ቀጥሎ ግዙ የምለው ዕቃ የጋርሚን ኢንሪች ሚኒ 2 ነው፤ በሳተላይት ቴክስትና የድረሱልኝ ጥሪ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ። ክብደቱ 100 ግራም ብቻ ስለሆነ የቦርሳ ማንገቻ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ይቻላል።

ድብ አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እንጨት የሚሰርቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ ደን ውስጥ ከሜፕል ዛፍ ሌብነት ጋር የተያያዘ እሳት ወደ 3,300 ኤከር አቃጥሏል። በ2021 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተሸጠው እንጨት ዲኤንኤ ከጉቶው ጋር ተመሳክሮ ማስረጃ ሆነ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለበት ሥራ ላይ ያለ ሰው ድንገት ሲያገኛችሁ ደስ አይለውም።

የኤስኦኤስ (የድረሱልኝ) ቁልፉ ክዳን አለው፤ እንዲሁ በስህተት አይነካም። ስትጫኑት ጥሪው በኢሪዲየም ሳተላይት በኩል ቴክሳስ ያለው የጋርሚን ማዕከል ይደርሳል። እዚያ 24 ሰዓት ሰው አለ። በቴክስት ያነጋግራችኋል፣ ከዚያም ለአካባቢው አካል ያሳውቃል። ዋሽንግተን ውስጥ የጠፋና የተጎዳ ሰው ፍለጋ የካውንቲው ሸሪፍ ኃላፊነት ነው። እግር ለተሰበረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊት ለፊት ለቆመ ክፉ ሰው ግን ሸሪፉ በዚያ ጠጠር መንገድ እስኪደርስ ድረስ ብቻችሁን ናችሁ።

ለዚህ ነው ከቁልፉ ይልቅ ቴክስቱን የምወደው። ቀድሜ የጻፍኩትን «ደህና ነኝ» ቦታ በቀየርኩ ቁጥር ለአለቃዬ እልካለሁ፤ ያለሁበት ቦታ አብሮ ይሄዳል። የማላውቀው ፒካፕና የመጋዝ ድምፅ ካለ አልጠይቅም፣ ፎቶ አላነሳም፣ ዞር እላለሁ። ርቄ ከሄድኩ በኋላ ታርጋውን እጽፋለሁ። አለቃዬ ለደን አገልግሎቱ የሕግ አስከባሪ ይነግራል። ሬንጀር (የደን ጠባቂ) ሁሉ ፖሊስ አይደለም፤ አብዛኞቹ ማሰር አይችሉም። ለማን እንደሚነገር ከጠዋቱ ተነጋገሩ።

ጥቅጥቅ ካለ የዳግላስ ፈር ዛፍ ሥር ቴክስት ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ሰማይ ማየት አለበት። ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ገላጣ ቦታ ወይም መንገድ ፈልጉ። ባትሪው በጣም ጥሩ ነው። እማዬም ከሲያትል ሆና ያለሁበትን ቦታ የሚያሳየውን ነጥብ ስልኳ ላይ ትከተላለች፤ ይሄ ብቻውን ለእኔ ብዙ ነው።

ዋጋው ግን ይከብዳል። በ2022 ሲወጣ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ካልተከፈለ ኤስኦኤሱም አይሠራም። ድሮ የነበረኝ አንድ አሠሪ ራዲዮው ሸለቆ ውስጥ እንደማይሰማ እያወቀ ብቻዬን ያሰማራኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይህ ወጪ የሠራተኛው መሆን የለበትም። የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍያውን ማን ይሸፍናል? «ደህና ነኝ» ሳይደርስ ከቀረ በስንት ሰዓት፣ ማን ይፈልገኛል? እኔ መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠኝ አልፈርምም።