ቀይ እስክሪብቶ ለማይለያቸው አማካሪያችን

የመጀመሪያውን የሚከፈልበት ኢንተርንሺፕ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ምስጋናው በግቢያችን የሥራ ማማከሪያ ቢሮ ለሚሠሩት አማካሪ ይድረስልኝ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጽፍም። የግቢያችን ልጆች ግን «ቀይ እስክሪብቶ» ስላችሁ ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ።

እሳቸው ጋር ከመሄዴ በፊት ከ40 በላይ ማመልከቻ ልኬ ነበር። ሁሉም አንድ ደብዳቤ ነው፤ የድርጅቱን ስም ብቻ እየቀያየርኩ። አንዱን እንዲያውም ስሙን መቀየር ረስቼ ላክሁት። መልስ አለመምጣቱ ምን ይገርማል!

ሦስት ገጽ ሲቪዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን የመጀመሪያ መስመር አንብበው ሰረዙት። «እስቲ ይሄን ያልጻፈ ተማሪ አምጪልኝ» አሉኝ። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ቀጥለው ከትምህርት ውጪ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። የክበባችን ገንዘብ ያዥ ነኝ አልኳቸው፣ እንደ ዋዛ። ሲቪው ላይ እኮ የለም፤ ሥራ መሆኑም አልታየኝ። አባላቱ ስንት ናቸው? መዋጮውን በምን ትመዘግቢያለሽ? ከባንክ መግለጫው ጋር ታመሳክሪያለሽ? ልዩነት ሲመጣስ? ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ መስመር ወጣች፦ «የ140 አባላትን መዋጮ በኤክሴል እመዘግባለሁ፤ በየወሩ መጨረሻ ከባንክ መግለጫ ጋር አመሳክራለሁ።» ኢንተርቪው ላይ ከጠየቁኝ ግማሹ ስለዚህች መስመር ነበር። ሲቪው አንድ ገጽ ሆኖ ቀረ።

ለኢንተርቪውም አለማመዱኝ። «ስለራስሽ ንገሪኝ» ሲሉኝ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቴ ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ። የሠራሁትን ስተርክ በአራት እንድከፍለው አሳዩኝ፤ ጉዳዩ ምን ነበር፣ የኔ ኃላፊነት ምን ነበር፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ውጤት መጣ። ስታር ይሉታል። ሁለተኛዋን ሁልጊዜ እዘላታለሁ፣ እስካሁንም።

ስለ ክፍያ መጠየቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ «ልምድ ታገኛለሽ» ብለውኝ ልስማማ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን «ተቀብለንሻል ሲሉሽ ሰዓቱን፣ ስንት ወር እንደሆነ፣ ኃላፊሽ ማን እንደሆነና ክፍያውን በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ጠይቂ» አሉኝ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ጠየቅኩ። በማግሥቱ በኢሜይል ላኩልኝ። የተቆጣኝ ሰው የለም።

ሥራ አፈላልገው አይሰጧችሁም፣ ይሄን እወቁ። ዘመድም አይጠሩላችሁም። መባበል የፈለገም ሌላ ቦታ ይሂድ፤ እኔ የመጀመሪያ ቀን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነው የወጣሁት። ግን ለተማሪ ነፃ ነው፣ ሰው ደግሞ አይቸኩሉበትም። እናመሰግናለን እትዬ።

ሌላ ግቢ ያላችሁም እንዲህ ዓይነት ቢሮ ካላችሁ ጎራ በሉ፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በበሩ ሳልፍ ነበር። የኛዎቹ፣ የፈተና ሰሞን ሰልፉ አይቻልም፤ ከዚያ በፊት ቀጠሮ ያዙ። ሲቪያችሁን ደግሞ አትማችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ እስክሪብቶ አይሠራም።