አማርኛዬን ወደ ጥያቄ ምልክት የቀየረው ሆስቲንግ፦ ከወራት በኋላ

የባልትና ድረ ገጼን ወደ አዲሱ ሆስቲንግ (ገጹን በሰርቨሩ ላይ ወደሚያኖርልኝ ድርጅት) ካዛወርኩ ወራት ተቆጥረዋል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ የገጹ መቆጣጠሪያ ሲፓነሉም አያስቸግርም። የዝውውሩ ዕለት የሆነው ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

«ዝውውሩ በነፃ ነው፣ እርስዎ ምንም አይነኩም» ነበር ያሉኝ። አልነካሁም። አለቀ ሲሉኝ ገጹን ብከፍት ፎቶዎቹ በቦታቸው አሉ፣ ጽሑፉ የለም። «2 ኪሎ በርበሬ» የሚለው «2 ?? ????» ሆኗል። እናቶች በቃል የነገሩኝ የበርበሬና የሽሮ አዘገጃጀት በሙሉ ከቁጥሩ በቀር እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ድጋፍ ሰጪው «የፎንት ችግር ነው፣ ኮምፒውተርዎ ላይ የአማርኛ ፎንት ይጫኑ» አለኝ። ይሄ ነው ደሜን ያፈላው። ፎንት ሲጎድል የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ቢታይ እንኳ ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያስቀመጠባቸው ቁጥሮች፣ ባይቶቹ፣ ስላልጠፉ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት በሚወክለው ስልት) ሲነበቡ ይመለሳሉ። የገጹ ጽሑፍ በሚቀመጥበት ዳታቤዝ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ከተቀመጠ ግን ፊደሉ የለም፣ ማንም አይመልሰውም። እኔ የዳታቤዙን ይዘት የሚያሳየውን ፒኤችፒማይአድሚን ከፍቼ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

የግዕዝ ፊደል ለየቋንቋው ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድን በባይት በሚጽፈው ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። የአዲሱ ሆስቲንግ ሰዎች ግን የዳታቤዙን ሰንጠረዦች ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው ኢንኮዲንግ፣ በላቲን-1 ከፈቷቸው። ላቲን-1 ለአንድ ፊደል ያለው 1 ባይት ብቻ ስለሆነ «በ»ን የሚያኖርበት ቦታ የለውም። ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ ጥብቅ ሁነታው ካልበራ ደግሞ ስህተት ብሎ አይቆምም፣ በፊደሉ ፋንታ ጥያቄ ምልክት እየጻፈ ይቀጥላል። ከስሪት 8.0 ጀምሮ ማይኤስኪውኤል ራሱ ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 (እሱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን) መነሻው አድርጎታል፤ ታዲያ ላቲን-1ን ምን አስመረጣቸው?

ደግነቱ የድሮውን ሆስቲንግ አልዘጋሁትም። የገጹን ስም ወደ ሰርቨሩ የሚመራውን የዲኤንኤስ ቲቲኤልም (ሌሎች ኮምፒውተሮች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) አስቀድሜ ወደ 300 ሰከንድ ስላወረድኩት አብዛኞቹን አንባቢዎቼን ወዲያው ወደ ድሮው ሰርቨር መለስኳቸው። ከዚያ የድሮውን ሰርቨር ዳታቤዝ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ኤክስፖርት አድርጌ፣ አዲሶቹንም ሰንጠረዦች በዚያው ከፍቼ ጫንኩት። በነፃ እንሠራዋለን ያሉትን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሻጩ ይሄን ቢያነብ «ተስተካከለ አይደል? ከዚያ ወዲህስ ተቋርጦብዎት ያውቃል?» ይለኝ ይሆናል። አልተቋረጠም። ግን የድሮው ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጽሑፍ ከየት ይመጣ ነበር? ከነገሩኝ እናቶች ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ፤ ሄጄ ደግመው ይንገሩኝ የምላቸው አይደሉም።

ኮንትራቱ ሲያልቅ አላድስም። ቀጣዩን ድርጅት ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት «መጀመሪያ አንድ የአማርኛ ገጽ አዛውራችሁ አሳዩኝ» እለዋለሁ። እምቢ ካለ ሌላ እፈልጋለሁ።